የዕድሩ ድስት ያበራ ዕለት

ባለፈው ኅዳር የሰፈራችን ዕድር ትልቁ የመዳብ ድስት ከለቅሶ ቤት እንደ አዲስ እያበራ ተመለሰ። ያጠበችው ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን የገባችው አስናቀች ናት። ዕድሩ በአባልነት እንዲቀበላት አመልክታ መልስ እየጠበቀች ስለነበር፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሥራ ስታግዝ ሰንብታለች።

በእኛ ሰፈር የዕድር ድስት ውስጡ ይታጠባል እንጂ የውጭው ጥላሸት አይነካም። የሚያበራ ድስት ሌላ ለቅሶ ይጠራል ይባላል። እኔ በዚህ አላምንም፤ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ እማማ በላይነሽ ግን ያምናሉ።

«ምነው ልጄ፣ ድስቱን ሙሽራ አደረግሽውሳ! ቀጥሎ ማንን ልታስቀብሪን ነው?» አሏት በዕድሩ ስብሰባ መሐል። ሰው ሳቀ።

«አላወቅሁም እማማ፤ ይቅር በሉኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«እንግዲህ የሰፈሩን ወግ እስክትለምድ ትቆየን» አሉ የዕድሩ ዳኛ። ጉዳይዋ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

በሳምንቱ መጠለያዋ ድረስ ሄጄ ድስቱን በምን እንዳጸዳችው ጠየቅኋት። ለምጽፍበት ጋዜጣ የምትሆን ቀላል ወሬ አገኘሁ ብዬ ነበር።

«በሎሚና በአመድ ነው። እኛ ዘንድ ድስቱን አጥርቶ የሚመልሰው ሐዘንተኛው ነው።»

«ሐዘንተኞቹማ ጎረቤቶችሽ ነበሩ» አልኳት።

«እኔም ነበርኩ። ባለቤቴ እዚያው ወለጋ ቀርቶ ነበር፤ መርዶው የደረሰኝ የእነሱ ለቅሶ በተጀመረ ማግስት ነው። የዕድር አባል ሳልሆን ማንን ልጥራ? ከእነሱ ጋር አልቅሼ ድስቱን አጠብኩ።»