ጫፉ ያልተከፈለው አጥንት

ጋሽ አበባው አጥንት የሚለዩት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ደምበጫ ላይ ልኳንዳ ከከፈቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ብልት ሲያወጡ የሚያዩት አላፊ አግዳሚውን እንጂ ሥጋውን አይደለም። ቢላዋው ራሱ መንገዱን ያውቃል። ጎርፍ አጥንት በገለጠ ቁጥር ታዲያ ሰው የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ዳሰስ ያደርጉና «የበሬ ነው፤ ሂዱ ሥራችሁን ሥሩ» ይላሉ። እዚሁ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ባለ ዲግሪው እኔ በጣታቸው እቀና ነበር።

ደንባቸው አጭር ነው። የምንበላው እንስሳ ሁሉ ሰኮናው ስንጥቅ ስለሆነ፣ የታችኛው የእግር አጥንቱም ጫፉ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ያልተከፈለው የሰው ነው።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ጭጋጉ ከማሳው ላይ ሳይነሳ፣ ከወንዝ ዳር አንድ ያልተከፈለ አጥንት አመጡላቸው። ጨፍነው ጫፉን ደጋግመው ዳሰሱት።

«የሰው ነው። አፈር አልብሱት» አሉ።

ሐኪም ቢያየው ወዲያው በለየው ነበር፤ ግን ማን ጠይቆ። እኔም አላየሁትም። የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ልጅ ዘመነ ያንን ወንዝ ሊሻገር ወጥቶ ከቀረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። እናቱ አጥንቱን በነጠላቸው ተቀብለው እንደ ሕፃን ታቀፉት። ፍትሐት ተደረገ፤ ተቀበረ፤ ተዝካሩም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አረፈ ይሉ ነበር።

ባለፈው ጥር ለተማሪዎቼ ማሳያ የበሬ አጥንት ለመንኋቸውና ክፍሌ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። ጠረጴዛው ላይ እኔ የሰበሰብኋቸው ሌሎች አጥንቶችም ነበሩ። እንደ ልማዳቸው ጨፍነው ይዳስሱ ጀመር። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ የጠመኔውን ብናኝ ቀስ አድርጎ ያንሳፍፈዋል፤ እሳቸውም ከአጥንት ወደ አጥንት፣ የሚያውቁትን ሰፈር እንደሚዞር ሰው፣ ሳይቸኩሉ ይሄዳሉ። ሳያቸው እኔንም እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። አንዱ ላይ እጃቸው ቆመ።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የፈረስ ነው ጋሼ። የፈረስ ሰኮና ድፍን አይደል? አጥንቱም አይከፈልም።»

በዕድሜያቸው ፈረስ አልበለቱ፤ ክርስቲያን ሆኖ ማን ይበልታል? ዓይናቸውን ሲገልጡ እንባ ሞልቶታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ምነው ዝም ባልሁ ብዬ ተቆጨሁ።

በማግስቱ አብሬያቸው ሄድሁ። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«በደልሁሽ» አሉ ጋሽ አበባው እንደቆሙ። «ያስቀበርሁሽ የፈረስ አጥንት ነው። ዘመነ አይደለም።»

እንዝርቱ ቆመ። ይረግሟቸዋል ብዬ ፈራሁ። እትዬ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነት ነው መምህር?»

«እውነት ነው እትዬ።»

ወንዙ ወዳለበት አሻግረው አዩ። ፊታቸው ላይ ደስታም ሐዘንም ነበረ፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃተኝ።

«እንግዲያ አራት ዓመት ሙሉ፣ ይመጣል ሳልል፣ በሩን ቀርቅሬ ተኛሁ» አሉ።