ቤልሚሮ ለሚስቱ የከፈተው መስኮት

የባሕር ዳር ሰዎች ነን ስንል ሰው ጀልባና መረብ ይታየዋል። ይቅርታ! የፖርቱጋል ካርታ ላይ የማትገኘው መንደራችን ኮቬላ ውስጥ ዋና የሚችል ሰው ብትፈልጉ ከጎረቤት መንደር ትዋሳላችሁ። እኛ እስከ ወገባችን ገብተን የባሕሩን ሣር በመንሽ እየጎተትን እናወጣለን፤ ማዕበል ሲመጣ እየጮኽን እንሮጣለን፤ ሣሩን ለድንችና ለሽንኩርት ማዳበሪያ እናደርገዋለን። ባሕሩ ለእኛ ፍግ የሚሰጥ ትልቅ ከብት ነው።

እርሻችንም ቢሆን ጉድጓድ ነው። ቅድመ አያቶቻችን እዚህ ሲደርሱ ያገኙት አሸዋ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። እነሱ ግን እርጥብ አፈር እስኪያገኙ ቆፈሩ፣ የቆፈሩትን አሸዋ ዙሪያውን ከመሩት፣ ክምሩ እንዳይናድ ወይን ተከሉበት። ነፋሱ በአናታችን ላይ ያልፋል፣ እኛ ከታች እንኮተኩታለን። ብልሆች እንሁን ፍልፈሎች እስከ ዛሬ አልወሰንንም።

ቤልሚሮ ከእነዚህ ፍልፈሎች አንዱ ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ወሬኛ። ሰው ሳይቀልድበት እሱ ቀድሞ በራሱ ይቀልዳል። «እርሻዬ ውስጥ ብቆምም ብቀመጥም ለጎረቤት ለውጥ የለውም» ይላል። ወጣት ሳለ ተራራው ላይ ለንግሥ ሄዶ ዙልሚራን አገኘ፤ ባሕር አይታ የማታውቅ የደጋ ልጅ። ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እኔን ካገባሽ ስትኮተኩቺ ባሕር፣ ምሳ ስትበዪ ባሕር!»

አገባችው። በሠርጉ ማግስት እርሻው ውስጥ ይዟት ወረደ። ዙሪያዋን ብታይ አሸዋና ወይን።

«ባሕሩስ?»

«አይሰማሽም? ያውልሽ እኮ ሲጮህ!»

«በጆሮዬ ልየው እንዴ? አንተ ውሸታም!»

ሣር ለማውጣት ስትወርድ አላየችውም ወይ የሚል ይኖራል። አይታዋለች፤ ጎንበስ ብላ፣ ቀሚሷ ርሶ፣ ማዕበሉ እንዳይወስዳት እየሰጋች። ቁጭ ብሎ ማየት ሌላ ነገር ነው። በሥራ ቀን ባሕር ዳር ቁጭ ያለ ሰው በእኛ መንደር ወይ እንግዳ ነው ወይ ሰነፍ። እሑድስ? እሑድ ጀርባችንን ለባሕሩ ሰጥተን ቤተ ክርስቲያኑ ፊት እንቀመጣለን፤ ማን ከማን ጋር እንደሚያልፍ ማን ይይልን?

እንዲህ እንዲህ እያሉ አረጁ። ዙልሚራን ጉልበቷን ያማት ጀመር። ወደ ባሕሩ መውረድ ቀረ፣ ክምሩን መውጣትም ቀረ። በትራክተር እርሻው ድረስ ትመጣና ተቀምጣ አረም ትነቅላለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ የበቆሎ ዳቦዋን እየቆረሰች፣ ቁጣ ሳይኖርባት፣ «እኔ እኮ ባሕሩን ቁጭ ብዬ ሳላየው ልሞት ነው» አለች።

ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ለቁጣዋ መልስ አያጣም።

«በትራክተር ወስጄ ባሕር ዳር ላስቀምጥሽ?»

«ሰው ምን ይለኛል?»

እውነቷን ነው። እኛ ደግሞ እንላለን።

ቤልሚሮ ታዲያ መላ መታ። በባሕሩ በኩል ያለውን ክምር ሊከፍተው! ኮቬላ ይህን ሰምቶ አማተበ። በእኛ ዘንድ ሰው ሚስቱን ቢፈታ ይቅር ይባላል፤ ክምር ግን አይነካም። የጎረቤቱ እርሻ ባለቤት እትዬ ዴኦሊንዳ ከላይ ሆነው ጮኹ።

«አንተ ቤልሚሮ፣ አብደሃል? አባትህ ከመቃብር ተነስቶ ይመጣልሃል!»

«ይምጣ፤ ለእሱም አካፋ አለ!»

ወይኑን ቆረጠ፣ አሸዋውን ዛቀ፣ በር የሚያህል ክፍተት አወጣ፣ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር አኖረ። ዙልሚራን ዓይኗን በመዳፉ ሸፍኖ አስቀመጣትና መዳፉን አነሳ። ባሕሩ እስከ ሰማዩ ጫፍ ተዘርግቶ፣ ፀሐይ ወርዶበት፣ ጸጥ ብሏል።

«እህሳ?» አላት። «አልወደድሽውም እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም በል!»

ዝም አለ። እንባዋን ሲያይ በደስታ የሚገባበት ጠፋው። ከዚያ ወዲያ ምሳቸው እዚያ ሆነ፤ ዙልሚራም ዳቦዋን ይዛ መብላቱን እየረሳች ትቀመጥ ነበር።

በጋ ገባ፣ የሰሜኑ ነፋስም ተከተለ። ነፋስ የተከፈተ በር አግኝቶ ማን ፈቀደልኝ አይልም። የሽንኩርቱ ቅጠል በጨው ተቃጥሎ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ አሸዋው ገብቶ ቀበረው። ክፍተቱም ከዳር ከዳሩ እየተናደ ሰፋ። ክምሩ ጨርሶ ከወደቀ የእትዬ ዴኦሊንዳም እርሻ አብሮ መቀበሩ ነው።

«ቤልሚሮ፣ ዓሣ ያዝክ ወይ?» ይሉታል ጎረቤቶቹ ከላይ ሆነው።

«አንድ ትልቅ ጅል ይዣለሁ፤ ቁመቱ ልክ እኔን ያክላል!»

ያስቃቸዋል። ቤቱ ሲገባ ግን ቀልዱ ያልቅበታል። ያን አፈር ያወፈሩት አባቶቹ ናቸው፤ ሣር በጀርባቸው እየተሸከሙ። ክፍተቱ መዘጋት አለበት፤ ግን በምን አንደበቱ ይንገራት? «ነፋሱ ያልፋል» እያለ ከረመ።

ዙልሚራ ዓይን አላት። አንድ ጠዋት የደረቀ ሽንኩርት ከአሸዋው ጎትታ እግሩ ሥር ወረወረችው።

«ዝጋው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን? አየሁት አይደል? ክረምቱን ምን ልንበላ ነው? ዝጋው አልኩህ!»

አካፋውን ሲያነሳ ግን ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «ቀስ እያልክ» አለችው።

የመንደሩ ሰው ወሬውን ሰምቶ አካፋና ትራክተር ይዞ መጣ፤ እስከ ምሳ ሊጨርሱለት። ቤልሚሮ መንገዱን ዘጋባቸው።

«ማንም እንዳይነካ! ብቻዬን ነው የምሠራው!»

«አንተ ሰነፍ፣ በዚህ አካሄድህ የገና በዓል ይደርሳል!» እትዬ ዴኦሊንዳ ስድባቸውን ሊቀጥሉ ሲሉ አግዳሚው ላይ ያለችውን ዙልሚራን አዩ። አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ምን ታፈጣላችሁ? ሥራ የላችሁም? ሂዱ!»

ሰዉ ተበተነ። ቤልሚሮ በአካፋው ጫፍ ትንሽ ትንሽ እየዛቀ ዋለ። ክፍተቱን የሚሞላው አሸዋ ከፊቷ ከፍ እያለ ከጉልበቷ ቁመት አለፈ፣ ከደረቷ አለፈ። ዓይኗ ጋ ሲደርስ ክንዱን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ ተነስታ ቆመች። ያቺንም ከፍታ አሸዋው እየሞላት ሄደ። ደግሞ ሊዝቅ ጎንበስ ሲል ትከሻውን ያዘችው።

«ቆይ» አለችው።

ቆየ።