የእሸቴን ጉልበት ለማየት ወደ አንኮበር

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ ላምበረት

መነሃሪያው ገና አልነጋለትም። ረዳቶቹ «ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሰው!» እያሉ ይጣራሉ፤ መኪናው ውስጥ ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። በቦርሳዬ ፋሻና የሕመም ቅባት ይዣለሁ። እንደማይጠቅሙ አውቃለሁ፤ ባዶ እጄን መሄድ ስላልሆነልኝ ነው።

ማንነቴን ላስቀድም። ከሃያ ዓመት በላይ የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነበርኩ። ተጫዋቾቹ «ዶክተር» ይሉኛል እንጂ ዶክተር አይደለሁም። የምሄደው አንኮበር፣ ጎረቤላ ወደሚኖረው ወደ እሸቴ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እሸቴ በአንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ የሚጫወት አጥቂ ነበር። እሱ በሚሰለፍበት ቀን የሸዋ ልጆች ከመዘዞም ከአረርቲም በአይሱዙ ተጭነው ስታዲየም ይገቡ ነበር። ለብሔራዊ ቡድን በተጠራ በሳምንቱ ጉልበቱን ታመመ። ከዚያ በኋላ የድሮውን እሸቴን ያየ የለም።

የደወለችልኝ ባለቤቱ አስካለ ናት። ወንድሟ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ሥራ አግኝቶለት ሰኞ ግባ ቢባል እምቢ አለ። ቅዳሜ የደብረ ብርሃን ቡድን ለሙከራ ጠርቶኛል፣ ወደ ኳስ እመለሳለሁ ይላል። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው።

«ከእርስዎ በቀር የሚያምነው ሰው የለም» አለችኝ። «ያን ጊዜም ትችላለህ ያሉት እርስዎ ነበሩ።»

ለምስጋና ብላ ነው የተናገረችው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ያልኩበት ወንበር ላይ ብዙ ቆየሁ።

1 ሰዓት ከ40፤ ሸኖ

ከከተማው መግቢያ ላይ ፍተሻ ነበር። ወርደን መታወቂያ እያሳየን በተራ አለፍን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ሴቶች በመንገዱ ዳር ቅቤያቸውን በቅጠል ሸፍነው ተደርድረዋል። ሹፌሩ ቁርስ ቤት አቆመና አንድ ገበታ ላይ ሽሮ ፍርፍር ቀረበልን።

ወሬ የሚወድ ሰው ነው። አንኮበር እንደምሄድ ስነግረው ወዲያው እሸቴን አነሳ። በደህናው ዘመን ቆሞ እንዳጨበጨበለት ነገረኝ። «በኋላ ግን ፈራ» አለ፤ «ተከላካይ ሲመጣበት እግሩን መሰብሰብ ጀመረ። ፈሪ አጥቂ ደግሞ ምን ይሠራል?» አሁን ዱባይ ገብቶ ደልቶታል ሲሉ ሰምቷል። አላረምኩትም። ሻዬን ጨርሼ ተነሳሁ።

3 ሰዓት ከሩብ፤ ደብረ ብርሃን

ውርጩ ከጥላው በኩል ገና አልቀለጠም። ሰው ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቧል። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ገበሬዎች በሰፈሩበት በኩል አለፍኩ፤ የተቀዳደደ ሸራ፣ የቢጫ ጀሪካን ሰልፍ፣ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች። ከዚያ ወዲያ የቡድኑ ሜዳ ነው፤ ሣር የለውም፣ አቧራ ነው።

አሰልጣኙ በዕድሜ ከእሸቴ የማይበልጥ ሰው ነው። ስለ ቅዳሜው ሙከራ ስጠይቀው ግራ ገባውና ወደ ጎሉ ጀርባ ወሰደኝ።

«ሙከራ አላልኩትም» አለኝ። «የወጣቶች ውድድር ልንከፍት ነው፤ በክብር እንግድነት ነው የጠራሁት። ጫማ ይዤ ልምጣ ወይ ሲለኝ የቀልዱን መስሎኝ ይዘህ ና አልኩት።»

እኔ እንድነግረው ለመነኝ፤ እሱ ያፍራል። እሺ አልኩት። አንድ መርዶ ይዤ ገብቼ ሁለት ይዤ ወጣሁ።

6 ሰዓት ተኩል፤ የአንኮበር መንገድ

አባዱላው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከጎኔ አንድ ቄስ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሀል ይዘው ያንቀላፋሉ። በግራ በቀኝ የታጨደ ገብስ፣ በየአውድማው በሬ። ገደሉ ጋ ስንደርስ ጉም መንገዱን ዋጠው። ሹፌሩ በቀትር መብራት አብርቶ እየዳሰሰ ነዳ። ጭላዳዎች ከጉሙ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይጠፋሉ።

ጎረቤላ ስንወርድ አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ ትጠብቀኛለች። ወደ ቤት ስንሄድ ኑሯቸውን ነገረችኝ። እሸቴ በየጠዋቱ ቁልቁል ወደ ገደሉ ይወርድና ዳገቱን ሮጦ ይወጣል። ብዙ ቀን ጭቃ ለብሶ ይመጣል፤ ወደቅህ ወይ ስትለው አዳለጠኝ ይላል።

9 ሰዓት፤ እቤታቸው

በር ላይ ቆሞ ነው የተቀበለኝ። ከስቷል። ትከሻዬን ስሞ ቶሎ ብሎ አስገባኝና እንጀራውን በቅጡ ሳልቀምስ ስለ ቅዳሜ ያወራኝ ጀመር። ትንፋሹ ጥሩ ነው፣ ክብደቱ ወርዷል፣ የቀረው የእኔ ቃል ብቻ ነው።

ሱሪውን ጠቅልሎ አልጋው ላይ ተጋደመ። የቀኝ ጭኑ ከግራው ቀጥኗል። ጉልበቱን አጠፍኩና ቅልጥሙን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ፊት ሳብኩት። ጤነኛ ጉልበት ይህን ጊዜ ይይዛል። የእሱ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ተንሸራተተ። ሁለተኛ አልሳብኩትም።

መጀመሪያ የአሰልጣኙን መልእክት ነገርኩት፤ ቀላሉ እሱ መስሎኝ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ቀጥዬ ጅማቱ መበጠሱን፣ ሳይታከም በመክረሙ መጋጠሚያውም መበላቱን፣ ቀዶ ሕክምና ቢገኝ እንኳ ለመራመድ እንጂ ለኳስ እንደማይሆን ነገርኩት።

«መቼ ነው የተበጠሰው?» አለኝ።

ዳገቱ ላይ ነው ብዬው ቢሆን ያምነኝ ነበር። አፌም ወደዚያው ሄዶ ነበር። አስካለ ግን ምሰሶውን ተደግፋ ታየኛለች።

«ከመጨረሻው ትልቅ ጨዋታህ በፊት ግማሹ ተበጥሶ ነበር» አልኩት። «ምርመራውን አይቼዋለሁ። የቡድኑ አለቆች አትንገረው፣ ውጋውና ይግባ አሉኝ። እንጀራዬን ፈራሁ። ማደንዘዣ ወጋሁህና ትችላለህ አልኩህ። ተሸክመው ሲያወጡህም ወለምታ ነው አልኩህ።»

ጉልበቱን በመዳፉ ሸፈነ። እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈሪ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት» አለ።

ከዚያ ቀስ እያለ ነገረን። በሄደበት ቡድን ሁሉ ኳስ ይዞ ሲዞር ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ተመልካቹ ያፏጫል። ወለምታው ድኗል ከተባለ የታመመው ልቤ ነው ብሎ ደመደመ። ዳገቱን የሚሮጠው ጉልበቱን ለማጠንከር ሳይሆን ፍርሃቱን ለመግደል ነበር። አባቱ ሲያርፉ እንኳ ለዘመድ «ልጄን የወንድ ልብ ነሳው» እያሉ ነው ያረፉት፤ እሱም አልጋቸው ሥር ተቀምጦ እውነታቸውን ነው ብሏል።

አስካለ ወጣች። ከጓሮ ስታለቅስ ይሰማናል። ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅሁት። በክንዴ ይዞ አነሳኝ።

«ዛሬ አይሆንም» አለኝ፤ ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። «ገና አሁን ነው የሰማሁት።»

አልጋቸውን ለቀውልኝ እነሱ መደቡ ላይ አደሩ። ባያስተናግዱኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፤ ጎረቤላ

ቦርሳዬን አንጠልጥሎ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ያነክሳል። ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ዞር እያሉ ያዩታል፤ እሱ ግድ የለውም። አስካለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ከተጋቡ ጀምሮ ሲያነክስ ዛሬ ገና ማየቷ መሆኑን ነገረችኝ። ለካ እስከ ትናንት ድረስ ጥርሱን ነክሶ ነበር ቀጥ ብሎ የሚሄደው።

ሰኞ ሥራ ትገባለህ ወይ አልኩት። እገባለሁ አለ፤ ድምፁ ግን ቅጣት እንደሚቀበል ሰው ድምፅ ነው። እንደገና ልምጣ ወይ ለማለት ድፍረት አጣሁ። እሱም ና አላለኝም።

4 ሰዓት፤ ደብረ ብርሃን

መኪና ለመቀየር እንደወረድኩ አሰልጣኙ ደወለ። እሸቴ እንደማይመጣ ነገርኩት። ምነው ሲለኝ፣ መነሃሪያው መሀል ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ምርመራውን፣ መርፌውን፣ ውሸቱን፣ አባቱን። ከዚያ ቤት ውጪ ለሌላ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

እስክጨርስ አዳመጠኝ። «ምን ይደረግ፣ ኳስ ነው እኮ» አለ። «ያጋጥማል።» ቀጥሎም እንግዳ መቅረቡ ልጆቹን እንዳያስከፋ፣ ቅዳሜ ሊመጣ የሚችል ሌላ የታወቀ አጥቂ ካለ እንድጠቁመው ጠየቀኝ።

ሁለት ስም ነገርኩት። ሁለቱም በእኔ እጅ ያለፉ ናቸው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ላምበረት ወረድኩ።