እንደ ዳቦ የተባረከችው ከተማዬ

በከተማ ፕላን ተመርቄ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ በመጫወቻ ጡብ ከተማ መሥራት ነበር። አትሳቁ። አራዳ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ልትከፍት የተነሳች ሴትዮ አንድ ባልዲ የፕላስቲክ ጡብ ሰጠችኝና፣ «ልጆቹ መኪና የሚነዱባት ከተማ ሥሪልኝ። ከወደድኳት የግቢውንም ፕላን አንቺ ትሠሪዋለሽ» አለችኝ። የግቢው ፕላን የእውነት ሥራ ነው። ስለዚህ ጡቡን እንደ ጨዋታ አላየሁትም።

በባጃጅ ለመውሰድ እንዲመቸኝ የእናቴ ትልቁ ክብ ትሪ ላይ ሠራኋት። መንገዶቼ በሙሉ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ጠማማ መንገድ ያናድደኛል። ፒያሳ ላይ ያማረረኝን ሁሉ አስተካከልኩ። ባጃጅ መቆሚያው ከካፌው በር ራቀ፣ እግረኛውም የራሱ መንገድ ደረሰው።

የማስረክባት ሰኞ ጠዋት ነው። እሁድ ደግሞ የእናቴ የጽዋ ማኅበር ተራ ደረሰ።

«አንሺው ይሄን ከጠረጴዛ» አለች እናቴ።

«የት ላድርገው? አልጋው ላይ ልብስ ተቆልሏል።»

«እንግዲያው ሸፍኚው።»

ቶሎ እጄ የገባው የዳቦ ጨርቅ ነው፤ እሱኑ ጣል አደረግኩበት። ዳቦው ገና ጓዳ እየበረደ ነበር።

ማኅበርተኞቹ እንደተሰበሰቡ ቄሱ መጡ። ሌላ ቤትም ስለሚጠበቁ ቸኩለዋል። ትሪውን ከነጨርቁ ሲያዩ መስቀላቸውን አውጥተው ጸሎት ጀመሩ። ሰው ሁሉ ቆመ። ጸሎት ደግሞ አይቋረጥ ነገር። እናቴን አየኋት፤ አቀርቅራለች፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ቄሱ ባርከው ሲጨርሱ ቢላዋ ያዙና ጨርቁን ገለጡ።

«ምነው ልጄ፣ ዳቦው ፎቅ አበቀለ?» አሉኝ።

ቤቱ ሙሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከገጠር፣ ከድብ ባሕር የመጡት የአባቴ አጎት፣ አያ፣ ብቻ አልሳቁም።

«አባ፣ የተባረከ ነገር ለማኅበርተኛው ሳይታደል አይቀርም» አሉ።

«ለእኔ ፎቁ ይድረሰኝ» አለች ጎረቤታችን፣ እጇን ሰደድ አድርጋ።

«እትዬ፣ እንዳይነኩብኝ። ነገ የማስረክበው ሥራ ነው» አልኩና ትሪውን አቀፍኩት። «አያ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ? ተባርኳል።»

ቄሱ ባልዲው ውስጥ የተረፉትን ጡቦች አዩ። «ዳቦ ይቆረሳል። ከተማ ግን ይጨመርበታል እንጂ አይቆረስም። በሉ፣ ያላችሁን ጨምሩ» አሉ።

ተሻሙ። ጎረቤታችን ፎቄን አስረዘመችው። አያ እፍኝ ሙሉ ጡብ አነሱና፣ መስኮት የሌላት ቤት ሠርተው ሰፊው መንገዴ መሀል ገተሯት።

«አያ፣ መንገድ ላይ እኮ ናት!»

«መንገዱ ይዙራ» አሉኝ።

ሰው ሲወጣ ላነሳት እጄን ሰደድኩ። እናቴ ከኋላዬ፣ «የተባረከ ቤት ልታፈርሺ?» አለች። ተናደድኩ። ግን የእኔም እጅ እንቢ አለኝ። መንገዱን ፈታሁና በቤቷ ዙሪያ አጠማዘዝኩት።

ሰኞ ሴትዮዋ ከተማዋን ዞራ ዞራ አየቻት። በኋላ ትንሽ መኪና ከቦርሳዋ አውጥታ መንዳት ጀመረች። ቀጥ ያሉትን መንገዶች አንዴ ሄደችባቸውና ተወቻቸው። የአያ ቤት ጋ ስትደርስ በአፏ «ጢጥ» አለች፣ ታጠፈች፤ ተመለሰችና እንደገና ታጠፈች።

«የግቢውንም መንገድ እንዲህ አድርጊልኝ» አለች።

አሁን እሱን እየሠራሁ ነው። ጠማማ መንገድ አሁንም ያናድደኛል። አያ ደግሞ ለገበያ በመጡ ቁጥር ስለ እኔ ሥራ አይጠይቁም፤ «ቤቴ ሸጋ ናት?» ነው የሚሉኝ።