ፍሪጁን የወሰደው አፍቃሪ

መነን የህንድ ፊልም ተርጓሚ ናት። ደሞዟን የምታገኘው አትላንታ ዳውንታውን ካለ የመኪና ማቆሚያ ቢሆንም፣ ዲኬተር ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቃት በዚህ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ሳምቡሳቸውን ይዘው እሷ ሳሎን ይሰበሰባሉ፤ እሷም ሪሞቷን ጨብጣ ትልቁ ሶፋ መሃል ትቀመጣለች። ከስር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ ታጠፋዋለች። «ስሜቱን ይገድለዋል» ትላለች።

እውነቱን እናውራ ከተባለ መነን ሂንዲ አትችልም። ዱባይ አንዲት ህንዳዊት ቤት ሠርታለች፤ የተረፋት ግን «ነይ»፣ «ሂጂ» እና «ውሃ አምጪ» ብቻ ነው። የቀረውን ከራሷ እያወጣች ትሞላዋለች። ደግሞም ታውቅበታለች! ሴቶቹ በእሷ ትርጉም ስንት ሶፍት ጨርሰዋል። ሳምንቱን ሙሉ በመኪና ማቆሚያው ጠባብ ቡዝ ውስጥ ተቀምጣ ትኬት ስትቆርጥ የሚያጽናናት ይሄው እሑድ ነው።

ምኞት የመጣችባት በዚህ መሃል ነው። የእትዬ ብዙነሽ የእህት ልጅ ናት፤ ህንድ አገር ማስተርሷን ሠርታ፣ ዲቪ ደርሷት፣ ከአትላንታ ማዶ ማሪዬታ ገብታለች። መነን ገና ከበሩ ስታያት ዓይኗ ደም ለበሰ። በፀጉሯ ቀናች፣ በጫማዋ ቀናች፤ ከሁሉም በላይ ግን ያንገበገባት ያ ሂንዲ ነው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ «እንዴት ነዎት እትዬ መነን?» ስትላት ደግሞ፣ በሰው ፊት አሮጊት ያደረገቻት መሰላት።

«ዛሬማ ሁለት ተርጓሚ አለን!» አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ ደስ ብሏቸው።

ፊልሙ ተጀመረ። አንዲት አስተማሪ አዲስ ፍሪጅ ገዝታ ትፈነድቃለች። ብዙ ሳይቆይ አንድ ሸሚዙን በወጉ ያስገባ ጎልማሳ ጠዋት ማታ ይደውልላት ጀመር። ትዘጋበታለች፣ ይደውላል። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ይጠብቃታል፤ የእናቷን ስም ሳይቀር ያውቃል።

«በፍቅሯ አብዷል» አለች መነን ድምጿን አለስልሳ። «ያላንቺ እንቅልፍ የለኝም እያላት ነው።»

«ውይ፣ ምስኪን!» አለች ጎረቤቷ እድላዊት። የሚደውልላት ያጣች ሴት ይህን ለማመን አትቸገርም።

መነን በዓይኗ ጠርዝ ምኞትን ሰለለቻት። ልጅቷ ሳምቡሳዋን ትገምጣለች፤ ትንፍሽ አላለችም። ዝምታዋ ራሱ ንቀት ሆኖ ተሰማት።

«ቆይ እስቲ» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «አሁን ‹ሎን› አላለም?»

ሰውየው ማን እንደሆነ ለመነን ያኔ ገባት፤ የፍሪጁ ብድር ሰብሳቢ ነው። እንዴት ሳታውቀው ቀረች! የመኪናዋ ክፍያ ሲያልፍባት ለእሷም የሚደውለው ይሄው ድምፅ አይደል? ግን ምኞት ፊት «ተሳስቻለሁ» ከምትል ምላሷ ቢቆረጥ ይሻላታል።

«አዎ ብሏል» አለች። «ያለብሽን ሎን እኔ ፔይ አደርግልሻለሁ እያላት ነው።»

እድላዊት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እንዲህ ያለ ወንድ አትላንታ ቢኖር!»

ምን ዋጋ አለው፤ ያ አፍቃሪ ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ መጣና ፍሪጁን አሸክሞ ወጣ። አስተማሪዋ ደጃፏ ላይ ተንበርክካ ታለቅሳለች።

ሁሉም ወደ መነን ዞሩ። መነን በሪሞቷ ፊልሙን አቆመችው።

«አንቺስ ምኞትዬ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ሰውየው ምን ሆኖ ነው?»

አለቀልኝ፣ አለች መነን በልቧ። ከእንግዲህ እነዚህ ሴቶች ሳምቡሳቸውን ጭነው ወደ ማሪዬታ ሊነዱ ነው።

ምኞት እጇን በሶፍት ጠረገች። «እትዬ መነን እንዳሉት ነው፤ ይወዳታል። ስልክ ብትዘጋበት ጊዜ ፍሪጁን ወሰደው። ፍሪጄን መልስ ለማለት እንኳ መጥታ በሩን እንድታንኳኳለት።»

ሴቶቹ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣባቸው። እድላዊት ዓይኗን እየጠረገች፣ «መነንዬ፣ እንዲህ ያለውን እኮ አንቺ ነግረሽን አታውቂም!» አለቻት።

ምኞት ዞር ብላ ፈገግ አለች። «ይቀጥሉ እንጂ እትዬ መነን።»

መነን ሪሞቷን እንደጨበጠች ቀረች። ሂንዲውንስ ይቅር ትላት ነበር፤ ተምራው ነው። ይሄን ግን ማንም አላስተማራትም። የልጅቷ ውሸት እንኳ ከእሷ ውሸት ያምራል።