ሰው ማሞገስ የተወችው ኡሙሃኒ

ሮቢት ውስጥ ሆደ ባሻ ሞልቷል፤ ሸረፈዲን ግን ለብቻው ነው። ሰው ቢሰድበው ይስቃል። ሌላ ሰው ሲመሰገን ከሰማ ግን ቀኑ አለቀ። ይህን የማወራው ሐሜት አምሮኝ አይደለም። ከሚስቱ ከኡሙሃኒ ጋር የሚለየን አንድ አጥር ስለሆነ ኩርፊያው እኔም ቤት ድረስ ይገባል።

እሷ ደግሞ ስትፈጠር አሞጋሽ ናት። ከጎብዬ ገበያ ስትመለስ የሰው በሬ ሳይቀር "ማሻአላህ! ሲያምር!" ትል ነበር። "የኔ በሬ ከስቷል ለማለት ነው?" ይላታል። የወንድሙ የመህዲ አጥር ጥሩ ነው ካለች በማግስቱ የራሱን አጥር ይነቅላል። የጎረቤት ልጅ ፈተና አለፈ ስትለው፣ "የኛዎቹ ደነዝ ናቸው በይኛ!" ብሎ ምሳውን ትቶ ይወጣል። "ኧረ በአላህ ሸረፍ፣ ስላንተ ማን አወራ?" ብትለው ማን ሊሰማ!

ሲሰለቻት አፏን ዘጋች። ዝምታው ግን አልሆነላትም። የተጠረገ ግቢ መልሳ ትጠርጋለች፤ እንግዳ ሲገባ ዓይኗ ከባሏ ፊት አይነሳም። እሷን ሳይ እኔ ራሴ መቀመጫ አጣለሁ።

መዘዙ የመጣው በደቦው ቀን ነው። እኛ አገር ማሽላው የሚጠጣው ከተራራ የሚወርድ ጎርፍ ነው። ጎርፉን ወደ ማሳ የሚመልሰው የድንጋይና የአፈር ክትር በደቦ ይሠራል። ለደቦ የመጣ ሰው ለንፍሮው ብሎ አይደክምም። የቤቱ እመቤት ስታበላ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች ታሞግሰዋለች፤ እሱም እየሳቀ መርቋት ይሄዳል። ኡሙሃኒ ግን ክትራቸውን ሲሠሩ የዋሉትን አብልታ አጠጥታ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሸኘቻቸው። ሸረፈዲን በር ላይ ተቀምጦ ነበራ! ሰዎቹ "ንቃናለች" ብለው ወጡ። ምክንያቱን እያወቅኩ ምን ብዬ ላስረዳ? የባሏን ጠባይ አደባባይ ባወጣው ለሱ ውርደት፣ ለሷ ጭቅጭቅ ነው።

ነሐሴ ላይ ጎርፉ ወረደ። ማሽላው ውሃ ከጠማው ሰንብቷል፤ ይህ ካመለጠ ዓመቱ ባዶ ነው። ሸረፈዲን አካፋውን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ክትሩ ግን ባንድ ጎኑ ተሸንቁሮ ውሃው ወደ ወንዙ መመለስ ጀምሯል። እሱ አፈር ይጨምራል፣ ጎርፉ ይወስዳል። ጎረቤቶቹ ውሃውን ወደየማሳቸው መልሰው ከዳር ቆመው ያያሉ። አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ወንድሙ እንኳ!

ኡሙሃኒ ባሏን አየች፤ ሰዎቹን አየች። ከዚያ ሻሿን አጥብቃ ጉብታው ላይ ወጣች።

"መህዲ! ድንጋይ እንደ ዱባ የሚያነሳው ክንድህ ዛሬ የት ሄደ? ዋሲሁን! አንተ ካለህ መቼ ጎርፍ አምልጦን ያውቃል? ደጀን! የጀግና ልጅ፣ ቆመህ ልታየኝ ነው ወይ?"

የዋጠችው ሁሉ ወጣ። የደቦውን ቀን ዕዳ በአንድ ትንፋሽ ከፈለችው። ሰዎቹ መጀመሪያ ተሳሳቁ፤ ከዚያ መህዲ ሽርጡን ሰብስቦ ገባ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔም ድንጋይ አቀበልኩ። ሽንቁሩ ተደፈነ፤ ውሃው ወደ ማሽላው ዞረ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሸረፈዲን ግን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ሰው ሲበተን ከእግሩ ላይ ጭቃውን እየታጠበ፣ "ሁሉንም ጠራሽ" አላት። "እኔንስ?"

እንደ ሕፃን ነበር ያለው። አንጀቴን በላኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩበት።

"አንተንማ ለምን እጠራለሁ?" አለች ኡሙሃኒ። "ማንም ሳይመጣ እዚያው ነበርክ።"

ሸረፈዲን መታጠቡን ትቶ አካፋውን አነሳና ወደተደፈነው ክትር ተመለሰ። ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም፤ እሱ ግን አፈር ይጨምርበት ጀመር።

"ጀዊሪያ፣ ደስ ብሎት ነው ወይስ ከፍቶት?" አለችኝ የሻሿን ጫፍ እየጠመዘዘች።

ከልጅነቷ ጀምሮ አብራው የኖረች ሴት እኔን ትጠይቃለች።