እግሬን ያዋስኩበት የጉደር ጉዞ

ሰኞ ጠዋት፣ ኮልፌ

ከኮልፌ የተነሳነው በሁለት ካሚዮን ሲሚንቶ ጭነን ጉደር ለማድረስ ነው። ጣሊያን እዚያ ድልድይ ይጠግናል። ተጓዦቹ እኔና ደበላ ነን። ደበላ ከሚስቱ ከወርቄ ጋር አስኮ የሚኖር ሰው ነው፤ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ አበልጄ እንባባላለን። ሁለታችንም የአንድ ጣሊያናዊ ነጋዴ ሾፌሮች ነበርን። ጌታችን ካሚዮኖቹን ቀለም ለማስቀባት አይሰስትም፤ ፍሬን ግን ከውጭ ስለማይታይ አያሳድሰውም።

በዚያ በጣሊያን ዘመን የጭነት መኪና ሁሉ ከከተማ ሳይወጣ ኮልፌ ሜዳ ላይ ይመረመር ነበር። መብራቱና ጎማው ከታየ በኋላ ሾፌሩ ባዶውን ካሚዮን ከዳገቱ አናት ቁልቁል ይለቀዋል። በኖራ ከተሰመረው መስመር በፊት ካቆመ ቦሎ ይመታለታል፤ ካለፈ መኪናው ይታገዳል፣ ሾፌሩም ይባረራል። ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ በየኬላው እንደ ሽፍታ ነው የሚታየው።

መርማሪው ወታደር ዓይኑን የሚጥለው መስመሩ ላይ እንጂ መሪውን በያዘው ሰው ላይ አይደለም። ለእሱ ጥቁር ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህ እኛ ሾፌሮች አንድ ልማድ አበጀን፤ ፍሬኑ የደከመበት ሰው ወደ ጎበዝ ሾፌር ሄዶ "እግርህን አውሰኝ" ይላል፤ ያም በእሱ ቦታ ገብቶ ይፈተንለታል። እኔ በዚህ የታወቅኩ ነበርኩ። ስሙንም እወደው ነበር።

ደበላ ያን ጠዋት ባርኔጣውን እያሻሸ መጣ።

"አበልጄ፣ ፍሬኑ ስረግጠው እስከ ወለሉ ይወርዳል። ለጌታችን ሦስቴ ነገርኩት፤ 'ስትመለስ ይሠራል' ይለኛል።"

"ታዲያ በዚህ ላይ ሲሚንቶ ልትጭን ነው?"

"ምን ላድርግ? ወርቄ አራስ ናት። ዛሬን ብቻ እግርህን አውሰኝ።"

ገባሁለት። ማርሹን ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ እየመለስኩ በሞተሩ ጉልበት ያዝኩት፤ በመጨረሻ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ካሚዮኑ ኖራው ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ወታደሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ቦሎውን መታ። ሾፌሮቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ያን ሳቅ ሳስታውስ አሁንም ያመኛል።

"ቁልቁለት ላይ እኔ ከፊትህ እሆናለሁ" አልኩት። "ፍሬኑ ከከዳህ ቀስ ብለህ ከኋላዬ ተደገፍ። እኔ እይዝሃለሁ።"

ሰኞ ከሰዓት፣ ጊንጪ

አርበኞች መንገድ ስለሚቆርጡ የምንሄደው በወታደር ታጅበን ነው። አስኮ ላይ ደበላ ስንቁን ሊወስድ ቤቱ ገብቶ ወጣ። ቡራዩ ጭቃው ጎማ ይውጣል፤ ከሆለታ ወዲያ መንገዱ ደህና ነው፣ ጤፉም ማሸት ጀምሯል። ጊንጪ ላይ ቆሎ ለመግዛት የጣሊያን ሊሬ ብናወጣ ባልቴቷ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ይሄ ወረቀት ነው። ጠገራ ብር የላችሁም?"

"እማማ፣ ጠገራ ቢኖረኝ ይሄን ካሚዮን እነዳ ነበር?" አላቸው ደበላ።

ሴትዮዋ ሳቁና አንድ እፍኝ በነፃ ሰጡን። ቆሎውን እየቆረጠምን አምቦ ገባን፣ እዚያው አደርን።

ማክሰኞ፣ ከአምቦ ወደ ጉደር

ጠዋት ወታደሮቹ አሥራ ሁለት የቀን ሠራተኞች አምጥተው በእኔ ጭነት ላይ አወጧቸው። ሰዎቹ ከሲሚንቶው ጫፍ እግራቸውን ወደ ኋላ አንጠልጥለው ተቀመጡ። ደበላና እኔ ተያየን። ከእንግዲህ ቢደገፈኝ የሚደቅቀው የሰው እግር ነው። ለአጃቢዎቹ ጣሊያናዊ ሹም ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን ብናገር ቦሎው በማን እግር እንደተገኘ ይጠየቃል። ፈራሁ። ዘጋሁት።

ወደ ጉደር ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት መሃል ላይ ስንደርስ የደበላ ጥሩንባ ሳያቋርጥ ጮኸ። በመስተዋቱ አየሁት፤ በአንደኛ ማርሽ የሚወርድ መኪና እንዲያ አይሮጥም፤ ማርሹም አምልጦታል። እኔም ፍጥነት ጨመርኩ፤ የእሱ ግን ባሰ። ከላይ ሠራተኞቹ እየጮኹ እግራቸውን ለመሰብሰብ ይረጋገጣሉ። የደበላ ፊት መስተዋቱን ሞላው። እኔን ሳይሆን እነሱን ነበር የሚያየው። ከዚያ መሪውን ወደ ገደሉ አዞረ።

ሹሙ ገደሉን ወርዶ የተሰባበረውን ካሚዮንና የደበላን ሬሳ ካየ በኋላ ቦሎ የተመታበትን ወረቀት ተቀበለ። አስተርጓሚው ቃሉን መለሰልን፦

"መኪናው ቦሎ አለው፣ ደህና ነበር ማለት ነው። ጥፋቱ የሾፌሩ ነው።"

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ደበላን ጉደር ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው፤ መቃብሩን ከቆፈሩት መካከል እነዚያ ሠራተኞች ነበሩ።

ሐሙስ፣ አስኮ

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። መርዶውን ለወርቄ የነገርኳት እኔ ነኝ። ለቅሶው ጋብ ሲል ቀርቤ ቦሎውን ያስመታሁለት እኔ እንደሆንኩ ተናዘዝኩ። ብትሰድበኝ እወድ ነበር።

"አውቃለሁ" አለች። "ሰኞ ስንቁን ሊወስድ ሲገባ 'አበልጄ አሳለፈኝ' ብሎ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም እግርህን መረቅኩት።"

ጌታችን በቦሎው አሳብቦ ለአራሷ ምንም አልሰጣትም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ለመማር ሰው ገድያለሁ።

በሚቀጥለው ምርመራ አንድ የቆየ ጓደኛዬ መጥቶ "እግርህን" አለኝ። እንቢ አልኩት። ለመነኝ፣ ቆይቶም ሰደበኝ። ራሱ ነድቶ መስመሩን አለፈና ተባረረ። አሁን ኮልፌ ገበያ እንጨት ተሸክሞ ሲሸጥ አየዋለሁ። ሰላም ስለው ፊቱን አዙሮ ያልፈኛል፤ እኔም እስኪርቅ ድረስ ቆሜ በሕይወት፣ በገዛ እግሩ ሲሄድ አየዋለሁ።